ብሉፊሽ ለማጥመድ ጀልባን በኮንትራት ስለ መያዝ

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ በሚዛን አስመዝኖ ዋጋ የሚቈርጥ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በንግድ ዓለም ውስጥ ዕቃው ሳይታይ ቀብድ የሚከፈልበት፣ ዕቃው ጨርሶ ሳይገኝ ቢቀርም ሻጩ የማይጠየቅበት ሥራ አለ። በአሜሪካ አገር፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ብሉፊሽ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ጀልባን ከነካፒቴኑ በኮንትራት መያዝ ከዚሁ ዐይነት ሥራ አንዱ ነው። ገዢው ዓሣ የገዛ ይመስለዋል፤ ሻጩ ግን የሸጠው የጀልባውን ቀን፣ ነዳጁንና የካፒቴኑን ዕውቀት ነው። በጀልባ ማቆሚያው ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ከአሳብ መለያየት ነው።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ለግዢ ወይም ለሽያጭ ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረ ሰው ከደንበኛው ዘንድ «ቅዳሜ ዓሣ ለማጥመድ እንውጣ» የሚል ግብዣ ቢደርሰው የሚያስደንቅ አይደለም፤ በቢሮ ያላለቀ ጉዳይ በጀልባ ላይ ሲያልቅ ይታያልና። ከዚህም በላይ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከዋሽንግተን ተነሥቶ ቼሳፒክ ቢች ለመድረስ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሲሆን፣ በዚያም የኮንትራት ጀልባዎች ተሰልፈው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳውን ለማስደሰት ጀልባ ለመያዝ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የውሉን ነገር አጥርቶ ማወቁ ይበጀዋል።

አስቀድሞ ስለ ዓሣው ጥቂት መናገር ይገባል። ብሉፊሽ ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ሆዱ ብርማ፣ ጥርሱ እንደ ምላጭ የተሳለ ዓሣ ነው። በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በኢስታንቡል ሉፈር ተብሎ በክብር ይበላል፣ በአውስትራሊያ ቴይለር ይባላል፣ በደቡብ አፍሪካም ሌላ ስም አለው፤ ዕቃው አንድ ሆኖ የንግድ ስሙ በየገበያው እንደሚለዋወጥ ማለት ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖረው ወገን የውኃውን ሙቀት ተከትሎ ይጓዛል፤ በጸደይ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ በመከር ጊዜ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ስለዚህ በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ውኃዎች ከግንቦት እስከ ኅዳር ድረስ ሲገኝ፣ ከዚያ ወዲያ እዚያ ጀልባ መያዝ ለዚህ ዓሣ ሲባል ከንቱ ነው። ሲመጣም በመንጋ ነው። ትንንሾቹን ዓሦች ከብቦ ሲፈጃቸው ውኃው እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል፣ የባሕር ወፎችም ከላይ ሆነው ይጮኻሉ፤ ካፒቴኑ መንጋውን ከሩቅ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በወፎቹ ነው። እስከ ዛሬ በዘንግ ከተያዙት ሁሉ በክብደቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በሃተራስ አጠገብ የተያዘው ሲሆን፣ 14 ኪሎ ተኩል ለመሙላት ጥቂት ብቻ የቀረው ነበር። (ከዚህ በኋላም የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ተራው ደንበኛ ግን ይህን የሚያህል ይዤ እመለሳለሁ ብሎ አይነሣ።

ወደ ባሕር የሚያወጡት ጀልባዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ልዩነታቸውንም የአዲስ አበባ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። አንደኛው እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው፤ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ጀልባውን በሙሉ ይይዛል፣ ዋጋውም የሚቈረጠው ለጀልባው ነው። ሁለተኛው እንደ ሚኒባስ ነው፤ ጀልባው በተወሰነ ሰዓት ይነሣል፣ የመጣው ሁሉ በነፍስ ወከፍ ከፍሎ ይገባል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ያጠምዳል። የነፍስ ወከፉ ጀልባ ርካሽ ነው፤ ለብቻው ለሚሄድ ሰውም የሚስማማው እርሱ ነው። የኮንትራቱ ግን የመነሻው ሰዓት፣ የሚኬድበት ስፍራና የሚጠመደው የዓሣ ዐይነት በደንበኛውና በካፒቴኑ ስምምነት የሚወሰን ስለሆነ፣ እንግዳ ለሚያስተናግድ ነጋዴ የሚመረጠው ይኸኛው ነው።

ጀልባ ለመያዝ የሚደውል ሰው አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ሰዎች ናችሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ለዋጋ ብቻ የሚቀርብ እንዳይመስለው። በአሜሪካ ሕግ አብዛኛው የኮንትራት ጀልባ መጫን የሚችለው ስድስት መንገደኛ ብቻ ነው። ሰባተኛ ሰው ከተጨመረ ጀልባው ኮስት ጋርድ በተባለው የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ኃይል የተመረመረና የምስክር ወረቀት የተሰጠው መሆን አለበት። የታቀፈ ሕፃን እንኳ ከስድስቱ እንደ አንድ ይቈጠራል። «ልጅ ነው፣ ቦታ አይዝም» የሚለው የአውቶቡስ ክርክር እዚህ አይሠራም።

የዚህ ሕግ መነሻ አሳዛኝ ነው። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሎንግ አይላንድ ጫፍ ላይ ሞንቶክ የተባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ባቡር እስከዚያ ድረስ ስለሚሄድ፣ በዕረፍት ቀን ዓሣ አጥማጆችን ብቻ የሚያመላልስ ልዩ ባቡር ተመድቦ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ የሠራተኞች በዓል በተያያዘበት ቅዳሜ፣ ከባቡሩ የወረደው ሕዝብ ወደ ጀልባዎቹ እየተሽቀዳደመ ገባ። ፔሊካን የተባለችው ጀልባ ርዝመቷ 13 ሜትር ያህል ብቻ ስትሆን 64 ሰዎችን ይዛ ወጣች፤ ይህም ልትይዝ ከሚገባት እጥፍ ያህል ነበር። በመመለሻዋ ላይ ከሁለቱ ሞተሮቿ አንዱ አልሠራ አለ፤ ነፋሱም በረታ። ከሞንቶክ የመብራት ማማ ብዙ ሳትርቅ ማዕበል መታትና ተገለበጠች። ካፒቴኑ ጭምር 45 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ጀልባ ስንት ሰው መጫን እንደሚችል የሚወስን አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ የሚወስነው የባለ ጀልባው ኅሊናና የደንበኛው ብዛት ነበር። ከዚህ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ከስድስት በላይ መንገደኛ የሚጭን ትንሽ ጀልባ ሁሉ እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ ወጣ። የተመረመረ ጀልባም የሚጭነው ሰው ቍጥር በምስክር ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሰው በሚያየው ስፍራ ይለጠፋል። እንግዲህ «አንድ ሰው ብቻ ጨምርልኝ፣ ዋጋውን አሳድጋለሁ» የሚል ደንበኛ ምን እየጠየቀ እንዳለ ይወቀው፤ እሺ የሚል ካፒቴንም ከተገኘ ከእርሱ ጋር ወደ ባሕር አለመውጣት ይሻላል።

ካፒቴኑም ቢሆን ጀልባ ስላለው ብቻ ደንበኛ መጫን አይችልም። የስድስት ሰው ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 360 ቀን በውኃ ላይ የሠራ መሆኑን ማስመስከር፣ ፈተና ማለፍ፣ የጤና ምርመራና የዕፅ ምርመራ ማድረግ አለበት። ፈቃዱን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ንግድ ፈቃድ ለማየት ከመጠየቅ አይለይም። ደኅና ካፒቴን በደስታ ያሳያል።

አሁን ወደ ዋጋው እንለፍ። በኮንትራት የሚያዝ ጀልባ ዋጋው ለግማሽ ቀን ወይም ለሙሉ ቀን ነው፤ ግማሽ ቀን ማለት አራት ወይም አምስት ሰዓት፣ ሙሉ ቀን ማለት ስምንት ሰዓት ያህል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ሰዓቱ የሚቈጠረው መንጠቆው ውኃ ውስጥ ከገባበት ሳይሆን ጀልባው ከማቆሚያው ከተነሣበት ነው። ዓሣው ያለበት ስፍራ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን፣ ከአራቱ ሰዓት ሁለቱ በመሄድና በመመለስ ያልቃሉ። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ዓሣው ምን ያህል ይርቃል?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ጥያቄ መቅደም አለበት። ዋጋው የማጥመጃ ዘንጉን፣ ክሩን፣ መንጠቆውንና በመንጠቆው ላይ የሚሰካውን ምግብ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ የደንበኞቹን ምግብና መጠጥ ግን አይጨምርም። ነዳጅ ሲወደድ ጭማሪ የሚጠይቅ ባለ ጀልባም ስላለ፣ የተነገረው ዋጋ የመጨረሻው መሆኑን በጽሑፍ ማስረገጥ ይገባል።

ለምሳሌ ያህል ጀልባው 900 ዶላር ነው እንበል። ስድስት ሰዎች ቢካፈሉት ለያንዳንዱ 150 ዶላር ይደርሰዋል። በመጨረሻው ቀን ሁለቱ «አልመጣም» ቢሉ ግን ጀልባው ያው 900 ስለሆነ የቀሩት አራት ሰዎች 225 ዶላር ይከፍላሉ። በዚህ የተነሣ የተቀያየሙ ጓደኞች ጥቂት አይደሉም። ጀልባውን በስሙ የያዘው ሰው ቀብዱን ከኪሱ ከመክፈሉ በፊት ከያንዳንዱ ድርሻውን መሰብሰብ አለበት፤ በዕድር ገንዘብ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል።

ቀብዱን በተመለከተ ነገሩ ሰፋ ያለ ነው። ካፒቴኑ ቀብድ የሚቀበለው ያን ቀን ለሌላ ሰው እንዳይሸጠው ነው። ያልተሸጠ ጨርቅ ነገ ይሸጣል፤ ያልተሸጠ ቅዳሜ ግን ለዘለዓለም አለፈ። በበጋ ወራት ያሉት የዕረፍት ቀኖች በጣት የሚቈጠሩ ስለሆኑ፣ የዓመት ገቢው የሚመካባቸው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ቀኑ ሲቃረብ ቢቀር ቀብዱ የካፒቴኑ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው። ስንት ቀን አስቀድሞ ቢያስታውቅ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ግን ከጀልባ ጀልባ ስለሚለያይ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የአየሩ ጠባይ ነው። ደንበኛው ጧት ተነሥቶ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ሲያይ ይሄዳል ብሎ ያስባል፤ ካፒቴኑ ግን «ዛሬ አንወጣም» ይለዋል። ወይም ደግሞ ዝናቡ እየዘነበ «እንውጣ» ይለዋል። ነገሩ እንግዳ ይምሰል እንጂ ትክክል ነው። ጀልባን የሚያስቀረው ነፋስ እንጂ ዝናብ አይደለም። በተለይም ነፋሱ ከውኃው ፍሰት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ማዕበሉ አጭርና ገደላማ ይሆናል፤ ይህም በማቆሚያው ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታየውም። በመሆኑም በጀልባ ኪራይ ንግድ ውስጥ የመውጣትና የመቅረት ውሳኔ የካፒቴኑ ብቻ ነው።

ካፒቴኑ በአየሩ ምክንያት ሲያስቀር ደንበኛው ቀብዱ እንዲመለስለት ወይም ሌላ ቀን እንዲሰጠው መስማማት ይገባል። ይህ አንቀጽ የደንበኛውን ገንዘብ ብቻ የሚጠብቅ አይደለም፤ ሕይወቱንም ይጠብቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን የሚተላለፍ ከሆነ ካፒቴኑ «ዛሬ አይሆንም» ሲል የሚያጣው የአንድ ቀን ገቢ ሲሆን ደንበኛውን ግን አያጣም። ውሉ ስለዚህ ዝም ካለ ግን ሁለቱም ወደ ባሕር ለመውጣት ይገፋፋሉ፤ አንዱ ገንዘቡን ላለመመለስ፣ ሌላው ገንዘቡ እንዳይቀርበት። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አውሮፕላኑ በማግሥቱ የሚነሣ ሲሆን፣ ግፊቱ ይብስ ይበረታል። ስለዚህ የሚያስተናግድ ሰው ጀልባውን በእንግዳው የመጨረሻ ቀን አይያዝ፤ ቢያንስ ሁለት ቀን መጠባበቂያ ይተው።

ቀኑ ከደላላ እጅ ሊገዛም ይችላል። ዛሬ በኢንተርኔት የብዙ ጀልባዎችን ቀንና ዋጋ ሰብስበው የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ፤ ዋጋ ለማወዳደር ይረዳሉ፣ ኮሚሽናቸውንም ይወስዳሉ። ስሕተታቸው ሥዕሉ ማማሩ ነው። ከደላላው ጋር ከተስማሙ በኋላ ለካፒቴኑ ራሱ ደውሎ አንድ ጊዜ ማነጋገር በቂ ነው፤ ሰው በድምፁ ይታወቃል። ሲደወል የሚጠየቀውም ቀላል ነው፤ ዓሣው አሁን መጥቷል ወይ? ጀማሪ ሰው ታስተምራላችሁ ወይ? የተያዘው ዓሣ የማን ነው? በአንዳንድ ጀልባ ላይ የተያዘው ሁሉ የደንበኛው ሲሆን፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ካፒቴኑ ድርሻ ያስቀራል፤ ይህን በባሕር ላይ ሳይሆን በስልክ መጨረስ ይበጃል።

ስለ ዓሣው ብዛት የመንግሥት ሕግም አለ። ቀድሞ አንድ ሰው በቀን እስከ 15 ብሉፊሽ ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈቀድለት ነበር። በ2019 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የዓሣው ቍጥር ከሚገባው በታች መውረዱ ስለ ታወቀ፣ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ ጀልባ ወይም ከዳርቻ ለሚያጠምድ ሰው 3፣ በኪራይ ጀልባ ለሚወጣ ደግሞ 5 ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ለኪራይ ጀልባ ሁለት ዓሣ የተጨመረው አለምክንያት አይደለም፤ ሦስት ዓሣ ለመያዝ መቶ ሃምሳ ዶላር የሚከፍል ሰው እንዳይጠፋና ባለ ጀልባዎቹ ሥራ እንዳይፈቱ በማሰብ ነው። በራሳቸው ጀልባ የሚያጠምዱት ግን አድልዎ ነው ብለው አጕረመረሙ፤ ቅሬታቸውም ፍጹም ከንቱ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ይህ ቍጥር በየጊዜው እየተመረመረ የሚለወጥ ስለሆነ በተያዘው ቀን የሚሠራበትን ከካፒቴኑ መጠየቅ ግዴታ ነው። ፌዴራላዊ ፈቃድ ያለው የኪራይ ጀልባ ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ የያዘውን ዓሣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በ48 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስታወቅ ስላለበት፣ «ማን ያየናል» የሚለው አሳብ አያዋጣም። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለነጋዴ መነገር አለበት፤ በመዝናኛ ጉዞ የተያዘን ብሉፊሽ ለምግብ ቤት ወይም ለሱቅ መሸጥ ክልክል ነው። ለመሸጥ የንግድ ዓሣ አጥማጅነት ፈቃድ ያስፈልጋል።

በጉዞው ቀን ደንበኛው የሚያገኘው ሁለተኛ ሰው የካፒቴኑ ረዳት ነው። መንጠቆውን የሚያዘጋጅ፣ የተጠላለፈውን ክር የሚፈታ፣ ጀማሪውን የሚያስተምር እርሱ ነው። ብሉፊሽ ተራውን ክር በጥርሱ ስለሚቈርጥ ከመንጠቆው በላይ ሽቦ ይታሰራል። ዓሣው ተስቦ ጀልባው ላይ ሲወጣም ገና አልሞተም፤ ጣት ያገኘ እንደሆነ ይነክሳል፣ የነከሰውንም ይቈርጣል። ስለዚህ መንጠቆውን ከአፉ ማውጣት ለረዳቱ የሚተው ሥራ ነው። እንግዳው ጀግንነቱን በሌላ ነገር ያሳይ። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው መድኃኒቱን የሚወስደው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ማጥወልወል ከጀመረው በኋላ መዋጡ ብዙ አይረዳም።

የረዳቱ ደመወዝ አነስተኛ ሲሆን አብዛኛው ገቢው ጉርሻ ነው። የተለመደውም ከጀልባው ዋጋ ከመቶ 15 እስከ 20 ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ከ135 እስከ 180 ዶላር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በውሉ ላይ ስለማይጻፍ ብዙ እንግዶች ሳያስቡት በማቆሚያው ላይ ያፍራሉ። ዓሣ ባይያዝስ? ረዳቱ ቀኑን ሙሉ የደከመው ያው ነው፤ ጉርሻው የሚመዘነው በሥራው እንጂ በዓሣው አይደለም። ዓሣ ባለመያዙ ከዋጋው ይቀነስልኝ ብሎ ካፒቴኑን መጠየቅም እንዲሁ ተቀባይነት የለውም፤ የተሸጠው የጀልባው ቀን ነበርና።

የተያዘ እንደሆነ ግን ቀሪው ሥራ የጥንቃቄ ነው። ብሉፊሽ ሥጋው ቅባት የበዛበት ስለሆነ ፈጥኖ ይበላሻል። እንደ ተያዘ ደሙ መፍሰስ፣ ወዲያውም በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። በፀሐይ ላይ የቆየ እንደሆነ ሂስታሚን የተባለ ነገር በሥጋው ውስጥ ይፈጠራል፤ ይህም ፊትን የሚያቀላ፣ ራስን የሚያሳምምና የሚያስመልስ ሲሆን፣ በማብሰል አይጠፋም። ሜርኩሪ ስላለበትም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮችና ልጆች በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይበሉት ይመክራል። ከማቆሚያው ሲደረስ ረዳቱ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ በከረጢት ያስረክባል። ጠቆር ያለውን የሥጋውን መስመር እንዲያወጣው መንገር ያስፈልጋል፤ ጠንካራው ጣዕም ያለው በዚያ ነውና። መኪናው ውስጥ በረዶ የተሞላ ሣጥን ጧት ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠ ግን፣ ከቼሳፒክ ቢች እስከ ዋሽንግተን ያለው የአንድ ሰዓት መንገድ በሐምሌ ሙቀት ለዚህ ዓሣ ረጅም ነው።